ስለ ተቀረጸ ዜማና ስለ ማሰሚያው መሣሪያ፤ ከጎሮና ከባሌ ደጋ አንጻር

፩. የነገሩ መነሻ

በቤት ውስጥ ያለ የከበረ ዕቃ እንግዳ እንዲያየው ሆኖ መቀመጡ በሀገራችን ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ጋሻው ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ጦሩ ከምሰሶው ይደገፋል፤ ፈረስ የሰው ክብር በሆነበት በባሌ ደጋም ኮርቻው ከነጌጡ በጉልህ ስፍራ ይቀመጣል። እነዚህ ዕቃዎች ክብራቸውን ለመግለጥ የተመልካች ዐይን ብቻ ይበቃቸዋል። በኋላ ዘመን ወደ ቤታችን የገባው የሙዚቃ ማሰሚያ መሣሪያ ግን ከእነዚህ ይለያል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሣጥን ነው። ክብሩ የሚገለጠው በሌላ ሰው ጉሮሮና ጣት የተሠራ፥ በሌላ ስፍራና በሌላ ዘመን የተቀረጸ ድምፅ ሲገባበት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ መሣሪያውን ከገዛ በኋላ ሌላ ፍለጋ ይቀረዋል፤ ይኸውም ለመሣሪያው የሚመጥን በደኅና የተቀረጸ ዜማ መፈለግ ነው።

ይህ ፍለጋ ለጊዜው ተራ የቤት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የባሕል ታሪክን ለሚያጠና ሰው ብዙ ነገር ይገልጥለታል። ባለቤቱ እንግዳውን አስቀምጦ «ይህን ስማ» ሲል የሚመርጠው ዜማ፥ የማን ድምፅ በጥንቃቄ እንደ ተቀረጸና የማን ድምፅ እንደ ተዘለለ ያሳያልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ምርጫ በታሪክ መንገድ መከታተል፥ ከዚያም ከሮቤ ወደ ሶፍ ኡመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጎሮና በአካባቢዋ ያለውን ሁኔታ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

፪. ከሰም በርሜል እስከ ሸክላ

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የገባበት ታሪክ ራሱ የማሳያ ታሪክ ነው። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላከችው የሰላምታ ቃል በሰም በርሜል ላይ ተቀርጾ በመልእክተኛው በሐሪንግተን እጅ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ቃሉን ደጋግመው አዳምጠው ለክብሩ መድፍ እንዳስተኮሱ ይነገራል። ከዚያም እርሳቸውና እቴጌይቱ መልሳቸውን በዚያው መንገድ አስቀርጸው ላኩ። በንግሥቲቱ ፈቃድ የእርሷ በርሜል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ፤ የእኛዎቹ ድምፅ ግን ተርፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ ዘመን ሰሚውን ያስደነቀው የድምፁ ጥራት አልነበረም፤ ሰው በሌለበት የሰው ቃል መሰማቱ ነበር እንጂ። ቃሉ ከተለየ የማሳያው ግዳጅ ተፈጽሟል።

ከዚህ ዐሥር ዓመት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ሄደው ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በበርሊን ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ዘፈን ለንግድ የተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ያን ጊዜ ማይክሮፎን አልነበረም፤ ዘፋኙ በቀንድ መሰል መቀበያ ውስጥ ይጮኻል፥ የድምፁም ኀይል ብቻ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ዝቅተኛው ድምፅና የመሣሪያው ርጋታ አይያዙም፤ የሚያዘው ጉልህ ቃል ነው። ይህም ከእኛ የመስማት ልማድ ጋር ተስማማ። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰሚ ከሁሉ አስቀድሞ ስንኙን ይፈልጋል፤ ስንኙ ከተለየለት ሽሽታውን ይታገሣል። የቃል ጥራት የመጀመሪያው የመምረጫ ሚዛን ሆኖ ለብዙ ዘመን የቆየውም ስለዚህ ነው።

በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ድንጋጌ ተላልፎ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን እስኪያሳትም ድረስ ነገሩ በዚህ ተወስኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ እስከ 1978 ባሉት ዓመታት አምኃ፣ ካይፋ፣ ፊሊፕስና ሌሎችም አሳታሚዎች ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ 30 የሚሆኑ ትላልቅ ሸክላዎች አወጡ። የሀገራችን የሸክላ ዘመን በሙሉ ከዐሥር ዓመት ያነሰ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ አጭር ጊዜ ያልተቀረጸ ዜማ ሸክላ ለሚያሽከረክር ቤት እንዳልነበረ ተቆጠረ።

፫. ስቴሪዮ የሚባለው ነገር

ስቴሪዮ ማለት በሁለት መንገድ ተቀርጾ በሁለት ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ድምፅ ነው። አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 የዚህን ጥበብ የፈጠራ መብት አመለከተ። ነገሩ ከሰው ሁለት ጆሮ የተቀዳ ነው፤ አንድ ድምፅ ወደ ግራ ጆሮና ወደ ቀኝ ጆሮ የሚደርሰው በጥቂት የጊዜና የኀይል ልዩነት ስለሆነ፥ አእምሮ በዚያ ልዩነት ተመርቶ ድምፁ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። በአንድ መንገድ የተቀረጸ ድምፅ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ ዘፋኙም ተቀባዩም ከበሮውም በአንዲት ነጥብ ላይ ይከመራሉ።

ስቴሪዮ ሸክላ በገበያ የታየው በ1957 መጨረሻና በ1958 ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፥ ኦዲዮ ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ያወጣው፥ በአንድ ፊቱ የጃዝ ባንድ፥ በሌላው ፊቱ የባቡር ጩኸት የያዘ ነበር። ባቡሩ የተመረጠው ከግራ መጥቶ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ማንም ሰው ያለ ትምህርት ስለሚገባው ነው። በ1959 ኢኖክ ላይት ያወጣው የምት መሣሪያዎች ሸክላም ከበሮውን ከማጉያ ወደ ማጉያ በማዘዋወሩ እጅግ ተሸጠ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በዓለም አዲስ ዓይነት ሥራ ተፈጠረ፤ ይኸውም ከዜማው ይልቅ መሣሪያውን ለማስመስገን የሚቀረጽ ሙዚቃ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጉድለት ግልጽ ነው። እንግዳው «መሣሪያህ ግሩም ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ያዳመጠውን ዜማ ግን ማታውኑ ይረሳዋል።

በእኛም ሀገር ቃሉ የክብር ቃል ሆነ። አይቤክስ ባንድ በ1976 በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ የቀረጸው ያለ ድምፃዊ የተጫወተው ሥራ «ስቴሪዮ» የሚለውን ቃል በስሙ ላይ ተሸክሟል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ከባቡሩ ሸክላ በእጅጉ ይለያል። የጆቫኒ ሪኮ ቤዝና የሰላም ሥዩም ጊታር ከጓደኞቻቸው ጋር አብረው ሲጫወቱ፥ የአዳራሹ ስፋት እንደ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ሆኖ ይሰማል። መሣሪያን ለመፈተን የተመረጠ ዜማ የሀገር ታሪክም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

፬. ድምፁ ወደ ባሌ የደረሰበት መንገድ

ጎባ ለረጅም ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮቤም ኋላ የዞኑ መቀመጫ ሆናለች። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸክላ ከባድና ተሰባሪ ዕቃ ስለሆነ፥ ማሽከርከሪያውም መብራት ስለሚፈልግ፥ ወደ ገጠር የሚዘልቀው በጥቂቱ ነው። ደጋውን በሰፊው ያዳረሱት ባትሪ የሚጎርሰው ሬዲዮና ከእርሱ በኋላ የመጣው ካሴት ናቸው።

ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያቀረበው በ1963 ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም ሲያበቃ ስፍራውን ሙሉ በሙሉ የወረሰው ካሴት ሆነ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ይሸከሙታል፤ ማንም ይገለብጠዋል። ስለ ጥራቱ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የስቱዲዮ ቴፕ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ የካሴት ክር የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከስምንት እጅ አንዱ ማለት ነው። ጠባብና ዝግተኛ ክር ሽሽታው ብዙ ነው። ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ደግሞ ያለፈው ሽሽታ እንዳለ ይተላለፋል፥ አዲሱም ይጨመርበታል። ከዋናው ቅጂ ርቆ ከገበያ ወደ ገበያ የተላለፈ ካሴት ጎሮ ሲደርስ፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በልዩ ልዩ ጸሐፊ እጅ ሲገለበጥ ስሕተት እንደ ተከማቸበት ብራና ይሆናል። የብራና ሊቃውንት ዋናውን ለማግኘት ቅጂዎችን እንደሚያመሳክሩ፥ የድምፅ ተማሪም እንዲሁ ማድረግ አለበት።

ዛሬ ካሴቱ ራሱ አልፏል። በከተሞች ሱቅ ዘፈን በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ተጭኖ ይሸጣል፤ በየቤቱም ደረቱ ሰፊ የሆነ ድምፅ ማጉያ ይታያል። ነገር ግን በፍላሹ ውስጥ ያለው አሮጌ ዘፈን ብዙ ጊዜ ከዚያው ካሴት የተወሰደ፥ ከዚያም ቦታ እንዳይዝ ተጨምቆ ዝርዝሩ የተቀነሰለት ነው። ጥሩ መሣሪያ ደግሞ እንደ ጥሩ መስተዋት ነው፤ ውበቱንም ጉድፉንም ያሳያል። በትንሽ ሬዲዮ የማይታወቅ ሽሽታ በትልቅ ማጉያ ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ መሣሪያውን ለማሳየት ሲፈልግ፥ የሚወድደውን የሀገሩን አሮጌ ዜማ ትቶ ከሩቅ ሀገር የመጣ፥ በዐዋቂ እጅ የተቀረጸ ሙዚቃ ይመርጣል። ይህን ማድረጉ ባሕሉን ስለ ናቀ አይደለም፤ የእንግዳውን ጆሮ ስላከበረ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ አሳዛኝ ነገር ይፈጠራል፤ በቤቱ ውስጥ የሚያድግ ልጅ «ጥሩ ድምፅ» ማለት የሌላ ሰው ዜማ ነው ብሎ ይማራል።

፭. ለመሣሪያም ለታሪክም የሚመጥን ቅርጽ

እንግዲህ በደኅና የተቀረጸ ዜማ የሚባለው ምን ዓይነት ነው? አራት ሚዛን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው ቃሉ መለየቱ ነው፤ በአማርኛ የ«ጸ» እና የ«ጨ»፥ በኦሮምኛም የ«ዸ» ድምፅ ሳይደበዝዝ መሰማት አለበት። ሁለተኛው ዝቅተኛው ድምፅ ሳይጎረና መያዙ ነው። ሦስተኛው በለሆሳስና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት መጠበቁ ነው። አራተኛው ስፍራው መታወቁ ነው፤ መሪው የት፥ ተቀባዩ የት እንደ ቆመ ሰሚው ዐይኑን ጨፍኖ ማመልከት መቻል አለበት።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሚዛን ከበገና የተሻለ ፈታኝ አይገኝም። ዐሥሩ የበገና አውታር እያንዳንዱ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በሚደረግለት ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ዝቅ ያለና የሚያንዘረዝር ድምፅ ይሰጣል። ደካማ መሣሪያ ይህን መንዘርዘር ከብልሽት ይቈጥረዋል፥ ወይም ያጠፋዋል። ሲንትያ ኪምበርሊን በ1972 የአለሙ አጋን በገና በጥንቃቄ ቀርጻ ኋላ በዩኔስኮ የሸክላ ተከታታይ እንዲወጣ አድርጋለች። በለንደን የሆርኒማን ቤተ መዘክር ባልደረባ የነበረችው ጂን ጄንኪንስም በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍል እየተዘዋወረች ቀርጻለች። ከ1998 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ደግሞ የሸክላውን ዘመን ዘፈን ለዓለም መልሶ አቅርቧል፤ ከቅጾቹም አንዱ የነጋድራስ ተሰማን የበርሊን ሸክላዎች የያዘ ነው። አንድ ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል፤ የነጋድራስ ድምፅ መቶ ዓመት ያህል ተሻግሮ የተሰማው ሸክላው ስለ ተረፈ ብቻ ነው።

በኦሮምኛ በኩል በድሬዳዋ የተነሣው የአፍረን ቀሎ ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በር ከፈተ፤ ምንም እንኳ በዚያው ዐሥርት አጋማሽ በመንግሥት ተጽዕኖ ቢታፈን፥ ከእርሱ የወጣው ዓሊ ቢራ እስካረፈበት እስከ 2022 ድረስ ዘመናዊውን የኦሮምኛ ዘፈን መርቷል። በባሌ ቤቶችም የዓሊ ቢራ ድምፅ እንደ ቤተኛ ይሰማል። ነገር ግን ዓሊ የሐረርጌ ሰው ነው። ባሌ የራስዋ ያላት ዜማ በዚያ መጠን አልተቀረጸም።

፮. ያልተቀረጸው የባሌ ድምፅ

በአንድ ነጥብ ላይ መከመርን የማይችል ዜማ ቢኖር የባሌ ደጋ ዜማ ነው። በድሬ ሼክ ሑሴን፥ ተሳላሚዎች በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሰበሰቡበት ስፍራ፥ ባሮ የሚባለው የውዳሴ ዝማሬ በአንድ መሪ ይነሣና በዙሪያው ባለው ሕዝብ ይመለሳል። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ለአቴቴ ሲወጡ፥ ወይም ስለ ተበደለች ሴት አቤቱታ ሲሰለፉ፥ ዜማው አብሯቸው ይጓዛል፤ ከሩቅ ይጀምራል፥ ይቀርባል፥ ያልፋል። ጌራርሳም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጀግንነቱን ሲቈጥር የሰሚዎቹ ማበረታቻ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ኦዲዮ ፊደሊቲ ለማሳያ ባቡር ሲፈልግ፥ በባሌ ኮረብታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ የሰው ድምፅ ሰልፍ ነበረ።

ይህ ዜማ በጥራት ሳይቀረጽ የቀረበት ምክንያት ከታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ተሸክሞት ሊጓዝ የሚችል፥ ጥራቱም ከስቱዲዮ የማይርቅ ናግራ የተባለው ቴፕ መቅረጫ በስፋት የታወቀው ከ1958 ወዲህ ነው። ያ መሣሪያ በየሀገሩ ገጠር መዞር በጀመረበት ዘመን፥ ከ1963 እስከ 1970፥ በባሌ በዋቆ ጉቱ የሚመራው የገበሬዎች ዐመፅ ይካሄድ ነበር። ጥይት በሚተኮስበት ሀገር ቴፕ ተሸክሞ የሚዞር ሰው በሁለቱም ወገን መጠርጠሩ አይቀርም። በአዲስ አበባ ያሉት አሳታሚዎች ደግሞ የሚቀርጹት በክለቡና በቴአትር ቤቱ ያለውን ነበር። ሸክላው አልፎ የካሴት ዘመን ሲገባ መቅረጫው በእያንዳንዱ ሰው እጅ ገባ፤ ነገር ግን ከመሪው አፍ ሥር የተያዘ አንድ ማይክሮፎን መሪውን አጉልቶ ሕዝቡን ያጠፋል። ባሮ ያለ ተቀባዩ ባሮ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ባሮ ጸሎት ነው፤ አቴቴም የሴቶች የተቀደሰ ሥርዓት ነው፤ ታዲያ እነዚህን ማጉያ ለመፈተን ማቅረብ ድፍረት አይሆንምን? ተቃውሞው ትክክል ነው፥ ደግሞም መልስ አለው። ለማሳያ መቅረጽና ለማስታወሻ መቅረጽ አንድ አይደሉም። ለማሳያ የሚቀርጽ ሰው መሣሪያውን ያስቀድማል፤ ለማስታወሻ የሚቀርጽ ግን ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፥ የማይቀረጸውን ትቶ፥ የሚቀረጸውን ሁሉ በሙሉ ጥራቱ ይይዛል። ጥራት የሚያስፈልገው ለታይታ ብቻ አይደለም። ደብዛዛ ቅርጽ የግጥሙን ቃል ያሳስታል፤ የተሳሳተው ቃል በተማሪ ጽሑፍ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እንደ እውነት ይጠቀሳል። የጥሩ ማጉያ ባለቤትና የኤትኖሎጂ ተማሪ፥ ምንም እንኳ የማይተዋወቁ ቢሆኑ፥ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው።

፯. ስለሚገባው ሥራ

የሚያስፈልገው ዘዴ ከባድ አይደለም። ብሉምላይን ያስተማረው፥ ሁለት ማይክሮፎን በአንድ ስፍራ ቀጥ ባለ ማእዘን አቆራርጦ ማቆም፥ ለባሌ ዜማ የተፈጠረ ይመስላል። ማይክሮፎኑ በዘፋኙ አፍ ሥር መሆኑ ቀርቶ በአድማጩ ስፍራ ይቆማል፤ መሪውም ተቀባዩም ጭብጨባውም በየአቅጣጫቸው ይገባሉ። ድሮ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው መቅረጫ ዛሬ በኮት ኪስ ይገባል። የቀረው ትዕግሥትና ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ቀኑንና ስፍራውን፥ የዜማውን ዓይነትና የተዘፈነበትን ምክንያት በሥርዓት መጻፍ፥ ከሁሉም በላይ ሳይጨመቅ የተያዘውን ዋናውን ቅጂ መጠበቅ ነው።

ቅጂውም በሁለት ስፍራ መቀመጥ አለበት። አንዱ ተመራማሪ በሚያገኘው ስፍራ፥ ለምሳሌ በ1963 በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፥ ሁለተኛው ዜማው በተቀረጸበት ሀገር፥ በሮቤ ወይም በጎሮ፥ ሕዝቡ በሚደርስበት ስፍራ ነው። እስከ አሁን በውጭ ሀገር ሰዎች የተቀረጸው የኢትዮጵያ ዜማ አብዛኛው ለለንደንና ለፓሪስ አድማጭ ቀርቦ ለዘፋኙ መንደር ሳይመለስ ቀርቷል። ይህ ስሕተት በእኛው ተማሪዎች እጅ መደገም የለበትም።

ይህ ሥራ የሚያጣድፍ ነው። ረጅሙን ባሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቁት፥ የአቴቴን ዜማ ከእናቶቻቸው የተቀበሉት፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ማጉያ ከተበላሸ በሌላ ይተካል፤ የተሰበረ ሸክላም ሌላ ቅጂው በአንድ ስፍራ ሊገኝ ይችላል። ሳይቀረጽ ያለፈ ድምፅ ግን የሚመሳከርበት ቅጂ የለውም። የጎሮ ሰው ለእንግዳው ክብር የሚከፍተው ጥሩ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የመጣ ሆኖ እንዳይቀር፥ ከገዛ አገሩም በፈቃድና በጥራት የተያዘ ጌራርሳ ወይም የሠርግ ዘፈን እንዲኖረው ማድረግ የዚህ ትውልድ ተመራማሪዎች ድርሻ ነው።